«ቆይ» የምትባለው ጠርሙስ

እትዬ ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ ቧንቧው ሥር ያዘችው። ሞላችው፣ ደፋችው፤ ሞላችው፣ ደፋችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየችበት፤ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ልቧ አላመነም መሰለኝ፣ እንደገና ወደ ቧንቧው መለሰችው። ቀማሚዋ፣ የወንድሟ ሚስት፣ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ሻይ ልትጠጣ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን ሳትገባም ሳትመለስም ቀረች። አንድ ተራ የሻይ ብርጭቆ እንዲህ የሚታሸው ምን ነክቶት ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢኖር መልሱን ከሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እትዬን «ሳሙና አታስለቅቅም» ብለው ከሥራ ሊያሰናብቷት ነው። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የሳሙና አይደለም፤ የቀማሚዋ ነው።

የቀማሚዋ ባል ጠረጴዛው ላይ የደንበኛ ሞባይል ፈታትቶ፣ በአንድ እጁ ዳቦ በአንድ እጁ መፍቻ ይዟል። «እትዬ፣ የዚህን ወር የውሃ ሂሳብ አንቺ ነሽ የምትከፍይው?» አለ። ቀልዱን ነው። ቀልድ መሆኑን ለማሳየትም ራሱ ቀድሞ ሳቀ። የሚያጅበው ሲያጣ ወደ ቁም ነገር ገባ፤ ውሃ እንዴት እንደተወደደ፣ ዳቦው በዚያው ዋጋ እንዴት እንደኮሰመነ፣ ቤት በአንድ ደሞዝ እንደማይገፋ ዘረዘረና ዞሮ ዞሮ ሁሉም የፈራው ነገር ላይ ወደቀ። ጠርሙስ ከማጠብ የቀለለ ሥራ የት እንደሚገኝ፣ ሳሙና ማስለቀቅ አንድን ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚያቅተው ይጠይቅ ጀመር። እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ዝም በል፣ ያንተን ሽንት ጨርቅ ያጠብኩ ሰው ሳሙና አላውቅም?» ብላ ድራሹን ታጠፋው ነበር። ዛሬ ግን ብርጭቆውን በፎጣ እያደረቀች «እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች ብቻ። ቀማሚዋ ተቀምጣ ዳቦዋን ቆረሰች። ቆርሳ ቆርሳ ፍርፋሪ አደረገችው እንጂ አንዲትም አልቀመሰችም። አፍ አውጥታ «ተዋት» የምትልበት ጊዜ ነበረ፤ አለፈ።

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው እትዬ ቀድማ የሁለቱንም ሂሳብ ዘረጋች። ቀማሚዋ «ዛሬስ እኔ ልክፈል» ብላ ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዘቻት፤ «ተይ፣ የዛሬውን ቀን ይከፍሉኝ የለ» አለች። አነጋገሯ ምሬት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት በተሻለ። ከዚያ ስለ ሽንኩርት አወሩ። ሽንኩርት እሳት ሆኗል፣ ቲማቲምም ተከትሎት ሊሄድ ነው፣ ድንች ብቻ ነው ለሰው ያዘነው ተባባሉ። ሁለቱም ለሽንኩርት እንዲህ ተጨንቀው አያውቁም። እትዬ እያወራች አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ በጣቷ ታሻለች። የኪራይ ክፍል ቁልፍ ነው። ወንድሟ ቤት፣ ማዕድ ቤቱ ጎን በምትታጠፍ አልጋ ላይ መተኛት ከጀመረች ዓመታት አለፉ፤ ሌሊት ውሃ የጠማው ሁሉ ተሻግሯት ነው የሚያልፈው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ እርጥበት ጠጥቷል፣ መስኮቷም የሰው አጥር ላይ ነው የሚከፈተው። በር ግን አላት። ቁልፉን የተቀበለች ዕለት እትዬ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ከውስጥ ይቆለፋል» ነበር ያለችው። በወሩ መጨረሻ ልትገባበት ነው። አከራይዋ ቀብድ ሳይጠይቁ ያመኗት ደሞዝተኛ ናት ብለው ነው፤ ደሞዙ ከቀረ ክፍሉም ይቀራል።

እንግዲህ ሥራቸውን መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱም የሚሠሩት የጎማ ዛፍ በሚያባዛ ቤተ ሙከራ ነው። የመኪና ጎማው፣ የሐኪሙ ጓንት፣ የሕፃን ፊኛው የሚሠራበት ነጭ ወተት የሚፈሰው ከዚህ ዛፍ ነው። ችግሩ፣ ወተተ ብዙ የሆነው ዛፍ ልጁን በመልኩ አይወልድም፤ ዘሩን ብትተክሉት የሚበቅለው ሌላ ጠባይ ነው። ስለዚህ ፍሬው ለጋ ሳለ ከዘሩ ሽፋን፣ ከእናትየው ሥጋ፣ ቅንጣት ይወስዱና ጠርሙስ ውስጥ፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ያሳድሯታል። ቅንጣቷ ትባዛለች፣ ትጓጉላለች፣ ከዚያ ውስጥ ሽል ይወጣል፤ ሽል ማለት ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ ሥርም ቅጠልም ያላወጣ ነጭ ነገር ነው። ሽሉ የሚያደርገውን የሚያዙት ሆርሞኖች ናቸው። እነሱን ከምግቡ ጋር እየመጠነች የምታዋህደው ሴት ናት ቀማሚ የምትባለው። ሆርሞኖቹ መጽሐፍ ላይ ምላስ የሚያስር የፈረንጅ ስም አላቸው፤ ሳይደናቀፍ የሚጠራቸው ኃላፊው ዶክተር ብቻ ነው። የቀረው ሰው በሥራቸው ስም አውጥቶላቸዋል። መጀመሪያ የሚሰጠው «ብዛ» ነው። መጨረሻ የሚሰጠው «ተነስ» ነው። በመሃል ያለው፣ ብርሃን እንዳያየው በብር ወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ የሚያድረው፣ «ቆይ» ይባላል። ጠርሙሱ ላይ ሳይቀር እንደዚያ ነው የተጻፈው።

«ቆይ» ሽሉን ያዝ ያደርገዋል። አትቸኩል፣ ወፍር፣ ስንቅህን ቋጥር ይለዋል። «ቆይ» ያላገኘ ሽል ስንቁን ሳይዝ ይነሳል፤ ጫፉን አረንጓዴ አድርጎ ብቅ ሲል ላላወቀ ሰው ደስ ያሰኛል፤ ከዚያ የሚበላው የለውምና ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል፣ አለቀ። መድኃኒቱ ደግሞ ጠባየኛ ነው። ከሌላው ጋር አብሮ አይቀቀልም፤ ምግቡ ተቀቅሎ ወጥቶ፣ እጅ በሚያስችል መጠን ሲበርድ፣ ሳይረጋ በፊት መጨረሻ ላይ ጠብ ይደረጋል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ቀማሚዋ ምግቡ እስኪበርድ ስትጠብቅ ሐሳቧ ፀጉር ቤት ነበር። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ከዘገየሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብላታለች። ምግቡ በረደ፤ ለጠርሙሶቹ አከፋፈለች፣ ከደነች፣ ጋዋኗን ሰቅላ ወጣች። ለዚያ ዙር የተመጠነችው ትንሿ የ«ቆይ» ጠርሙስ ሙሉዋን ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ኮሪደሩ ጫፍ ስትደርስ እትዬ ከኋላዋ ጠብቂኝ እንደማለት ስትጣራ ሰምታ ነበር፤ ዞር ሳትል «አሁን አልችልም እትዬ፣ ቸኩያለሁ» ብላ እጇን አወዛውዛ ሄደች። ለፀጉሯ የከፈለችው የእትዬን ክፍል የወር ኪራይ ግማሽ ይሆናል። ማታ እትዬ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና «አምሮብሻል» አለቻት።

ሽሎቹ አረንጓዴ ሲሆኑ መጀመሪያ ያየች እሷ ናት። ሮጣ ፍሪጁን ከፈተች፤ ጠርሙሷ ከነሙሉዋ ተቀምጣለች። ማን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ እንዳስገባት እንኳ ያን ጊዜ አላሰበችም፤ ያሰበችው ምን ብዬ እናገራለሁ የሚለውን ብቻ ነው። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። በመሃሉ ሽሎቹ ጠቆሩ፣ ዶክተሩ ሊጎበኝ መጣ፣ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ አፉ ላይ የነበረችውን ነጭ ቀለበት በአውራ ጣቱ ፈተገና «ሳሙና!» አለ፤ ሳሙና የቀረበት ጠርሙስ ሽል ይገድላል፣ ጠርሙስ የምታጥበው ደግሞ እትዬ ናት። የምግቡ ድርቃቂ ነበር። እዚያ የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የቀማሚዋ ራስም ሳታዘው አብሮ ተነቀነቀ። ያቺ የራስ ንቅነቃ ናት ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳቻት።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ወደ ማጠቢያ ክፍል ስትወርድ የጠበቃት ሥራ፣ ጉድ በሉ፣ እነዚያው ጠርሙሶች ነበሩ። የጠቆሩት ሽሎች እንዳሉበት በሣጥን በሣጥን ተደርድረዋል። የተባረረችበትን ጠርሙስ አጥባ ትውጣ ተብላለች፤ ያዘዘውም ሰው በክፋት አይመስለኝም፤ ጠርሙስ ስላለ፣ አጣቢም ስላለች ነው። ቀማሚዋ አንድ ነገር የረሳች መስላ ወደ ታች ወርዳ በበሩ መስታወት አየቻት። እትዬ ክንዷን እስከ ክርኗ ጎማ ጓንት ውስጥ ከታ፣ የሞተውን ሽል በማንኪያ ጎርጉራ ባልዲ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያ ታሻለች፤ ከዚያ ሞላ ደፋ፣ ሞላ ደፋ። አጠገቧ ያለችው ሌላ አጣቢ የሆነ ነገር ብላ አሳቀቻት። እትዬ ስትስቅ ቀማሚዋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ላይ ወጣች፤ ሳይበርድላት በቀጥታ የዶክተሩን በር አንኳኳች።

ዶክተሩ ስልክ ላይ ነበር፤ በእጁ ተቀመጪ አላት። ቆማ ጠበቀችው። የቢሮው መስኮት ላይ በፕላስቲክ ዕቃ የተተከለ የጎማ ችግኝ አለ፤ ቅጠሉ አቧራ ጠግቧል። ስልኩን ሲዘጋ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ፣ የወጣው ሌላ ነው። ምናልባት ሳሙናው ላይሆን ይችላል አለች። ምናልባት ምግቡ ላይ፣ ማለት እኔ የቀመምኩት ላይ፣ የሆነ ጉድለት ይኖር ይሆናል አለች። «ቆይ» የሚለውን ስም አልጠራችም፤ ስለ ፀጉር ቤት አልተናገረችም፤ ፍሪጅ ውስጥ ስላለችው ሙሉ ጠርሙስ ትንፍሽ አላለችም። ዶክተሩ ጭራሽ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በፈገግታ አያት።

«የባልሽ እህት መሆኗን አውቃለሁ» አላት። «አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመዱን ይሸሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ጥፋቷን ልትሸከሚ መጣሽ።»

ቀጥሎም በሷ እጅ ስህተት ተገኝቶ እንደማያውቅ፣ ለዋና ቀማሚነት ያቀረበው የሷን ስም እንደሆነ ነገራት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀረቻት፤ ፍሪጁን ይክፈቱ ማለት። ከዚያ ይልቅ «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ ልናገር ገብቼ ተመስግኜ ወጣሁ ብላ አሰበች፤ አስባም ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። ሞክሬያለሁ አለች። አላመነኝም፣ እኔ ምን ላድርግ አለች። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ራሱን ለመርታት ብዙ አይቸገርም።

ከምሳ በኋላ መቀመሚያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ፍሪጁን ከፈተች። ጠርሙሷ በብር ወረቀቷ እንደተጠቀለለች ከጥግ ቆማለች። ለነገሩ የመቆያ ጊዜዋ አልፏል፤ ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ መደፋት አለበት፤ ደንብ ነው። ይህንን በልቧ ደጋግማ እያለች ወረቀቱን ላጠች፣ ክዳኑን ፈታች፣ ከመታጠቢያው ላይ ዘቀዘቀቻት። ውሃ የሚመስል ነገር ነው የወረደው፤ ሽታም የለው፣ ቀለምም የለው። ባዶዋን ጠርሙስ እንደማንኛውም ጠርሙስ የሚታጠብ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻት። ቅርጫቱን ተላላኪው ወደ ታች ይዞት ሲወርድ የጠርሙሶቹን መንቀጭቀጭ ሰማች፤ ያኔም ቢሆን «አንዴ» ብላ ልታስቆመው ትችል ነበር። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ እትዬን ሳትጠብቅ ወጣች። እትዬ ጋዋንና ጓንት ማስረከብ አለባት፣ መዘግየቷ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። እውነቱ ግን ጎን ለጎን ተቀምጣ ስለ ሽንኩርት ለማውራት አቅሙ አልነበራትም።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ሾፌሩ «ቆይ! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሳይቆም ለመውረድ ብድግ ያለች ዘንቢል የያዘች ሴትዮ ነበረች፤ ወዲያው ወደሷ ዞሮ «ቆዪ እናቴ፣ ቆዪ፣ ይቁምልሽ» አላት። ሚኒባሱ ቆመ፣ ሴትዮዋ ወረደች፣ በሩ ተዘጋ። ቀማሚዋ ግን ቃሉ ላይ ቀርታለች። ለወንዱ ቆይ፣ ለሴቷ ቆዪ። የቸኮለ ሰው አይለየውም፤ የሚያጣራም የለም። እትዬ ግን አነጋገሯ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ የጎረቤቷን ድመት እንኳ ሴት ስለሆነች «ነይ» እንጂ «ና» ብላ አታውቅም። ያን ዕለት በኮሪደሩ የጮኸችው ድምፅ አሁን ጆሮዋ ውስጥ እንደ አዲስ ተሰማት። ቆዪ አልነበረም። «ቆይ! ቆይ!» ነበር ያለችው። ጠብቂኝ አላለቻትም፤ የጠርሙሷን ስም ነበር የጠራችላት። ጠረጴዛ ላይ የቀረችውን ጠርሙስ አንስታ ፍሪጅ ውስጥ ያስገባችውም እሷ ናት። ታውቃለች ማለት ነው። ሳሙና ሲሏትም፣ ወንድሟ ጠዋት ሲያላግጥባትም፣ ሚኒባስ ስትከፍልላትም ታውቅ ነበር። ቀማሚዋ መውረጃዋን አልፋ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ያንኑ ሞባይል ገጥሞ ሊጨርስ ነው። እትዬ አልመጣችም፤ አከራይዋ ዘንድ ጎራ ብላ ነው የምትመጣው አለ ቀና ሳይል። መምጣቷን በር ሲከፈት ሰሙ፤ ሰላም ብላ በቀጥታ ማዕድ ቤት ገባችና ያደረውን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ቀማሚዋ ተከትላት ገባች። የእትዬ አንገት ላይ ክሩ አለ፤ ቁልፉ የለም። ውሃው እየፈሰሰ ነው። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህኑን ስታዞር ቆየች።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ኮሪደር ላይ የጠራሽኝ… ቆይ ያልሽው ጠርሙሷን ነበር?»

«ታዲያ ምን መሰለሽ?» አለች እትዬ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ትተሻት ስትሄጂ አየሁ። ለምን እንደምትሆን አላውቅም። ስሟን አውቃለሁ፣ ብርድ ላይ እንደምታድር አውቃለሁ። አልመለስ ስትይ ቦታዋ መለስኳት።»

«ሳሙና ሲሉሽ ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

እትዬ ሳህኑን አስደግፋ አስቀመጠች። «ምን ልበል? የወንድሜ ሚስት ናት ልበል? አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ ቆየሁ።»

ቀማሚዋ እንባዋ መጣ። ነገ በጠዋት ዶክተሩ ዘንድ እንደምትሄድ፣ ሁሉንም እንደምትናገር፣ አላምንም ቢል እንኳ ጠርሙሷን ወስዳ ዓይኑ ላይ… አለችና ጠርሙሷን መድፋቷ ትዝ አላት። እትዬ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ያየቻት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይን ለዓይን አይታት አታውቅም ነበር።

«ቅርጫቱ ውስጥ አገኘኋት» አለች። «ባዶዋን። ዛሬ መጨረሻ ላይ ያጠብኩት እሷን ነው።»

ከዚያ ጠዋት ያሸችውን ብርጭቆ ከመደርደሪያው አወረደች። ቧንቧው ሥር ይዛ ሞላችው፣ ደፋችው፤ መልሳ ሞላችውና ለቀማሚዋ ሰጠቻት።

«ጠጪ» አለች። «ሳሙና የለውም።»

ጠጣች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ምንም ምንም አይልም፤ እስከ ታች ድረስ ጨረሰችው። ባሏ የሻይ ኩባያውን ሊያስቀምጥ ብቅ አለና የሚፈሰውን ቧንቧ፣ እህቱን፣ ሚስቱን አየ። አሁንም ማለቅለቅ ነው ወይ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ይሸልመናል ብሎ አላገጠና ለመሄድ ዞረ። ቀማሚዋ ባዶውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቆይ» አለችው።

ቆመ።

«ሳሙና አልነበረም።»

እትዬ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋች።